«ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል»፦ ከቱቦ ወደ አፍ

በዚህ ወር የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች አራት ናቸው፤ አራቱም ስለ አንድ ነገር ያወራሉ። በቱቦ የኖረ ልጅ በአፉ መብላት እንዴት ይለምዳል? እኔ በሕፃናት ክፍል ለዓመታት ነርስ ሆኜ ሠርቼ በኋላ ለመብላት የሚቸገሩ ልጆችን ወደ መርዳት የዞርኩ ሰው ነኝ። የምጽፈው የልጃችሁን ሐኪም አይተካም። ቀጠሮ ላይ በ10 ደቂቃ ውስጥ ለመነገር ጊዜ የማይኖረውን ነገር ግን ልንገራችሁ።

ጥያቄ 1

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ልጄ 20 ወሩ ነው፤ የተወለደው በ28 ሳምንቱ ነው። መጀመሪያ ለ5 ወር በአፍንጫው በገባ ቱቦ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሆዱ ላይ በተከፈተለት ቱቦ ነው የሚመገበው። ቀን ቀን 5 ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር፣ ሌሊት በፓምፕ ቀስ እያለ 300 ሚሊ ሊትር ይገባለታል። ክብደቱ 9.8 ኪሎ ነው። የመዋጥ ምርመራ ተደርጎለት «ምንም የለበትም፣ መብላት ይችላል» ተብለናል። ግን ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ከንፈሩን ከነካሁት ወደ ላይ ይለዋል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። በቀን 3 ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ አንድ ሰዓት እሞክራለሁ። ስልክ ከፍቼለት እያየ ሳለ አንድ ሁለት ማንኪያ ሸርተት አደርግለት ነበር፤ አሁን ገና ስልኩን ሳወጣ አፉን ይዘጋል። በጣም ደክሞኛል። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይና ትንፋሽሽን ሰብስቢ። የተሳሳትሽው ነገር አለ፣ እነግርሻለሁ። ልጅሽ ማንኪያ የሚፈራው ግን ባንቺ ጥፋት አይደለም።

እስቲ ነገሩን ከእሱ አፍ በኩል እንየው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱ ላይ ምን ይደርስበታል? ፕላስተር ይለጠፋል፣ ፕላስተሩ ይላጣል። የመተንፈሻ ቱቦ ይገባል። አክታ የሚመጥ ቱቦ ጉሮሮው ድረስ ይወርዳል። የምግቡ ቱቦ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። በሕይወት ያቆዩት እነዚህ ነገሮች ናቸው፣ ልጁ ግን ይህን ከየት ይወቀው? እሱ የሚያውቀው ወደ ፊቱ የሚመጣ እጅ ደህና ነገር ይዞ እንደማይመጣ ነው። ያንቺ ማንኪያ ከእነዚያ ሁሉ ኋላ ተሰልፎ የመጣ ነው።

ሌላው ነገር ጊዜው ነው። ሕፃን ሲወለድ መጥባትን ይዞት ነው የሚመጣው፤ ከንፈሩን ስትነኪው ሳያስበው ይጠባል። ይህ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እየጠፋ ይሄድና ከዚያ ወዲያ መብላት ልጁ ፈልጎ የሚያደርገው፣ በልምምድ የሚያዳብረው ሥራ ይሆናል። ልጅሽ ያቺን መሸጋገሪያ በቱቦ አለፋት። ወደ ላይ የሚለውም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ትንንሽ ሕፃናት ላይ ወደ ላይ የሚያስብለው ቦታ ምላስ ላይ ወደ ፊት ቀረብ ያለ ነው፤ እጃቸውን፣ አሻንጉሊታቸውን፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ሲጎርሱና ሲያኝኩ ሲውሉ ያ ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። አፉ ይህን ልምምድ ያላገኘ ልጅ ግን በ20 ወሩም ያው እዚያው ፊት ነው። ስለዚህ አመል አይደለም፣ ማስመሰልም አይደለም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ረሃብን ነው። የሰጠሽኝን ቁጥር ደመርኩት። 5 ጊዜ 150 ሲሆን 750 ነው፣ የሌሊቱ 300 ሲጨመር 1050። 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ፈሳሽ ወደ 1000 ሚሊ ሊትር ነው። ልጅሽ ሞልቷል ማለት ነው! ሌሊቱን ሙሉ ሲገባለት አድሮ ጠዋት አንቺ ማንኪያ ይዘሽ ትመጪበታለሽ። እስከ አፍንጫሽ በልተሽ ከማዕድ ስትነሺ ሌላ ሰው ሳህን ይዞ ቢመጣብሽ ምን ትያለሽ? እሱም ያንኑ ነው ያለው፤ ቃል ስለሌለው ፊቱን አዞረ።

አሁን ወደ ሥራው። ለሚቀጥሉት 2 ሳምንታት ማብላት የሚባለውን ነገር ተዪው። ቱቦው ሥራውን ይሥራ፣ አንቺ ማንኪያውን አስቀምጪ። ይህን ስነግራቸው አብዛኞቹ እናቶች ያኮርፉኛል፣ «ታዲያ መቼ ሊበላ ነው?» ይሉኛል። ግን ፍርሃቱ እያለ የሚገባ ምግብ ፍርሃቱን ነው የሚመግበው። በእነዚህ ቀናት የምትፈልጊው ልጅሽ ወደ ጠረጴዛ ሲቀርብ ትከሻው ዘና እንዲል ብቻ ነው።

እናንተ ስትበሉ አብሯችሁ ይቀመጥ። አቀማመጡ ላይ ችክ እላለሁ፤ ወገቡ ደገፍ ያለ፣ ጉልበቱ የታጠፈ፣ እግሩ የሆነ ነገር የረገጠ ይሁን። እግሩ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ኃይሉን ሁሉ የሚጨርሰው ላለመውደቅ ነው፣ ለአፉ የሚተርፍ የለውም። ካላመንሽኝ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ እግርሽን አንጠልጥለሽ አንድ ነገር ለማኘክ ሞክሪ። ከወንበሩ ሥር ካርቶን በፕላስተር ጠቅልለሽ ብታስገቢ ይበቃል፣ ውድ ወንበር አያስፈልግም።

ከዚያ ምግቡን መጫወቻ አድርጊለት። አንዲት ልጅ ነበረች፣ እርጎ እፊቷ ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ አፈሰስንላት። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች፤ ጥረጉልኝ ማለቷ ነው። በማግስቱ እርጥብ ጨርቅ አጠገቧ አስቀመጥንላት፣ ራሷ እንድትጠርግ። ነገሩ የተለወጠው እዚያ ላይ ነው። መጥረግ እንደምትችል ካወቀች በኋላ መንካቱ አላስፈራትም። በ9ኛው ቀን ትንሿን መኪናዋን እርጎው ላይ ነዳችው። በ12ኛው ቀን ጎማውን ላሰችው። እናቷ አፏን በእጇ ይዛ ነው ያየቻት፣ ድምፅ እንዳታሰማ አስጠንቅቄያት ነበርና።

ድምፁ ላይ ቆይ፣ እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። ልጁ አንድ ነገር ሲቀምስ አባት ይጮኻል፣ አያት ታጨበጭባለች፣ አክስት ቪዲዮ ትቀርጻለች። ልጁ ደንግጦ ይተወዋል። ወይም መብላት ለሌላ ሰው ደስታ የሚሠራ ሥራ ይመስለዋል። ሲቀምስ «ጎመዘዘ አይደል?» ብለሽ ወሬሽን ቀጥዪ።

ደንቡ አጭር ነው። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ ያንቺ ድርሻ ነው። መብላት አለመብላቱና ስንት እንደሚበላ የእሱ። ማንኪያ ስትመልሺም ከፊቱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አቁሚው። ጎንበስ ብሎ አፉን ከከፈተ ይግባ፣ ካዞረ ይመለስ። ሳታኮርፊ፣ ሳታባብዪ። የተሻለው ደግሞ ማንኪያውን ራሱ እንዲይዘው ነው፤ ግማሹ አገጩ ላይ ይቀራል፣ ይቅር። ያቺን የስልክ ዘዴ ግን ዛሬውኑ ጣያት። ልጁ ሳያውቀው የገባ ምግብ ምንም አያስተምረውም፣ ይልቅ «ዘና ስል ያታልሉኛል» የሚለውን አስተማረው። ስልኩን ሲያይ አፉን መዝጋቱ ብልህ መሆኑን ነው ያሳየኝ።

አትፈሪ፣ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ጀማሪ ነርስ ሳለሁ የአንዱን ልጅ ሁለት ጉንጭ በጣቶቼ ጫን አድርጌ አፉን ከፍቼ አጉርሼዋለሁ፣ መዝገቡም ላይ «3 ማንኪያ በላ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር አፉን በሁለት እጁ ይሸፍን ነበር። እነዚያን 3 ማንኪያዎች ለመመለስ ስንት ወር እንደፈጀብን እኔና እናቱ እናውቃለን።

ምን ይቅረብለት? «የላመ ነገር ይቀላል» ብለን እናስባለን፣ ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም። የላመ ነገር አፍ ውስጥ ሁሉ ይበተናል፣ የት እንዳለ አይታወቅም። አንዳንድ ልጅ አፉ ውስጥ በግልጽ የሚሰማው ነገር ነው የሚመርጠው፤ ምራቅ ሲነካው ቶሎ የሚሟሟ ስስ ብስኩት፣ ጨው ያለው ወይም ጎምዛዛ ነገር። በጣቱ የሚይዘው፣ በደንብ የበሰለ ለስላሳ የካሮት ወይም የድንች ዘንግም ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የተቀላቀለው ነው፤ ሾርባ ውስጥ ያለ የሩዝ ፍሬ፣ ጓጓላ ያለው እርጎ፣ እሱን ለኋላ አቆዪው። ለውዝ፣ ፈንዲሻ፣ ደረቅ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮትና ያልተቆረጠ ወይን ግን ገና አይቀርቡም፣ ሊያንቁት ይችላሉ። አንድን ምግብ አንዴ ገፋው ብለሽ አታውጪው። በአፉ ሲበላ ያደገ ልጅ እንኳ አዲስ ምግብ ለመቀበል 10 ጊዜና ከዚያ በላይ ማየት ሊፈልግ ይችላል።

በገበታ የምትቆዩት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ቢበዛ ቢበዛ 30። አንድ ሰዓቱ እሱንም አንቺንም ነው የጨረሳችሁ። የቱቦውንም ምግብ በተቻለ መጠን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስጪው፣ አልጋ ላይ አስተኝተሽ ሳይሆን። እጁ ላይ ጣፋጭ ነገር እያለ፣ እየላሰ፣ ሆዱ ሲሞላ ይሰማው። አፍና ሆድ የማይተዋወቁ ሁለት ጎረቤቶች ሆነው ነው የኖሩት።

አሁን ረሃቡ። ይህን ያለ ሐኪምሽና ያለ ሥነ ምግብ ባለሙያ አትንኪው። አካሄዱን ግን እወቂውና ቀጠሮሽ ላይ ጠይቂ። መጀመሪያ ጠቅላላው መጠን ሳይቀነስ ቅርጹ ይለወጣል፤ የሌሊቱ ፓምፕ ቀስ በቀስ ይቀርና ወደ ቀኑ ይዛወራል፣ በምግቦቹ መካከልም ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባዶ ጊዜ ይገኛል። የቀኑ መጠን ሲጨምር የሚያስመልሰው ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሱ። ልጁ በፈቃዱ መቅመስ ሲጀምር ነው የቱቦው ምግብ የሚቀነሰው፤ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ እያሉ ይቀንሳሉ። ምግቡ ሲቀነስ ውኃው እንዳይቀንስ የጎደለው ፈሳሽ በውኃ ይተካል፣ በቱቦው። ልጆች በረሃብ ከመጎዳታቸው በፊት በውኃ ጥማት ነው የሚጎዱት። ዳይፐሩን ተከታተዪ፤ 6 ወይም 8 ሰዓት ሙሉ ሳይሸና ከቆየ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ቱቦውን ተጠቀሚና ለሐኪሙ ደውዪ።

ክብደቱን በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ሚዛን፣ ልብሱን አውልቀሽ መዝኚ። በየቀኑ መመዘን ያሳብዳል። ቅነሳው ሲጀመር ክብደቱ መቆሙ፣ ትንሽም ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እስከ ስንት ዝቅ ቢል እንደምትቆሙ ግን ገና ሳትጀምሩ ከሐኪሙ ጋር ተስማሙ፣ ጻፉትም። ኦስትሪያ ውስጥ በግራትስ ከተማ እንዳለው ያሉ የሕክምና ማዕከላት የቱቦውን ምግብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ውጤትም አላቸው። ግን ልጁ በየቀኑ በባለሙያዎች ዓይን ሥር ሆኖ ነው፤ ስለ እነሱ ሰምተሽ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆድ ድርቀት ካለበት ፍላጎቱ አይከፈትም። የበላው ወደ ጉሮሮው እየተመለሰ የሚያቃጥለው ከሆነም እንደዚያው፣ የብረት ማዕድን እጥረትም እንዲሁ። እነዚህ ታይተው ካላለቁ በቀር ጠረጴዛ ላይ የምትሠሪው ሁሉ ወንፊት ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። ጉንፋን ሲይዘውም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የቀመሰውን ሁሉ እንደገና ይገፋል። የሚያልፍ ነው። ሁሉም ነገር ወራት ይፈልጋል፣ ለአንዳንዱ ከዓመት በላይ።

ጥያቄ 2

እንደምን ነሽ እህታችን። እኔ አባት ነኝ። ልጄ 2 ዓመት ተኩል ሆናታል፣ በአፍንጫዋ ባለ ቱቦ ነው የምትመገበው። እሷ ግን እንደ ሌሎቹ አትፈራም፣ እንዲያውም ከእጃችን ትቀማለች! ችግሩ ውኃ ስትጠጣ ያስላታል፣ ዓይኗ እንባ ያቀራል። በዚህ ዓመት 2 ጊዜ የሳንባ ምች ይዟት ተኝታ ታክማለች። የመዋጥ ምርመራ አልተደረገላትም። ቀስ እያልን ብንቀጥልስ?

መልስ

ወንድሜ፣ አትቀጥሉ። ቢያንስ ከውኃውና ከቀጭን ፈሳሹ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ስለ ምግቡም እስክትመረመር ሐኪሟን ጠይቁ።

ስንውጥ ምግቡ ወደ ምግብ መውረጃው፣ አየሩ ደግሞ ወደ ሳንባ የሚሄድባቸው መንገዶች እዚያው ጉሮሮ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። በሚዋጥበት ቅጽበት የአየሩ በር መዘጋት አለበት። በሩ ካረፈደ ጠብታዋ ወደ ሳንባ ትገባለች፤ ትን አለው የምንለው ይህንን ነው። ውኃ ደግሞ ከሁሉ ፈጣኑ ነው፣ በሩ ሳይዘጋ ይቀድማል። የልጅህን ፍላጎት እንደ ትልቅ ሀብት እየው፣ ብዙ ወላጅ ያንን ይመኛል። ግን ፍላጎትና ችሎታ አንድ አይደሉም።

ሳል መኖሩ ራሱ አንድ ደህና ነገር ነው፤ ጉሮሮዋ የገባባትን እያወቀ ለማስወጣት ይታገላል ማለት ነው። የሚያስፈራኝ ድምፅ የሌለው ትንታ ነው። ልጁ አያስልም፣ አይታገልም፣ ፈሳሹ ግን ይገባል። ምልክቱ ኋላ ላይ ነው የሚመጣው፤ ከጠጣ በኋላ ድምፁ እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ጉሮሮው ውስጥ ውኃ የተጠራቀመ ያህል ያንኮራኩራል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ይመላለስበታል፣ ሳንባው ደጋግሞ ይታመማል። ያንተ ልጅ 2 ጊዜ ታማለች፤ እኔ ብሆን በዚህ ብቻ ምርመራውን ነገ እጠይቅ ነበር።

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራጅ ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ከምግብና ከመጠጥ ጋር ተቀላቅሎ ልጅቷ ስትውጠው በሚንቀሳቀስ ራጅ የሚታይበት ነው። ሌላው በአፍንጫ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ጉሮሮዋን ስትውጥ ማየት ነው። የምትወደውን ኩባያና ማንኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ በማታውቀው ዕቃ አልጠጣም ብላ ምርመራው የሚበላሽበት ጊዜ አለ።

ውጤቱ «ውኃ አይሆንም፣ ወፈር ያለ ግን ትችላለች» ሊል ይችላል። ባለሙያዎቹ ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 በደረጃ ይከፍሉታል፤ 0 ተራ ውኃ ነው፣ 4 የላመ፣ 7 እኛ የምንበላው ምግብ። ለልጅህ የትኛው ደረጃ እንደሚሆን እነሱ ይነግሩሃል። ማወፈሪያ ዱቄት በራስህ ገዝተህ እንዳትቀላቅል፣ አንዳንዱ ለሕፃናት አይሆንም።

እስከዚያው አፏ ሥራ አይፍታ። ጥርሷን በቀን 2 ጊዜ በቡሩሽ አጽዱላት። ባዶ ማንኪያ ታኝክ፣ የጥርስ ማሻ አሻንጉሊት ትንከስ፣ ከእናንተ ጋር ተቀምጣ የምግቡን ሽታ ታሽትት።

ለማንኛውም ልዩነቱን እወቅ። ወደ ላይ ሲላት ድምፅ አለው፣ ፊቷ ይቀላል፣ ያስላታል፤ እሱን ታገሥ፣ ጣትህን አፏ ውስጥ አታስገባ። ታንቃ ከሆነ ግን ዝም ነው የምትለው። ማሳል ካልቻለች፣ ድምፅ ካጣች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወደ ፊት አጎንብሰህ በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል በመዳፍህ መሠረት 5 ጊዜ ጠንከር አድርገህ ምታት። ካልወጣ ከኋላዋ ሆነህ ከእምብርቷ በላይ በጭብጥህ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፋ። እየቀያየርክ ቀጥል፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ራሷን ከሳተች መሬት ላይ አስተኝተህ ደረቷን መጫን ጀምር። ይህ ዕድሜዋ ከ1 ዓመት በላይ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በታች ሆድ አይገፋም። ቱቦ ያለው ልጅ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ተለማምዶ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ 3

ልጄ ሆይ፣ እኔ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ 18 ወሩ ነው፣ በቱቦ ይመገባል። እኔ ስድስት ልጆች አሳድጌአለሁ። ለእናቱ «ቱቦውን ሁለት ቀን ተዪው፣ ሲርበው ራሱ ይበላል» አልኳት፤ ተጣላን። ተሳስቻለሁ?

መልስ

እናቴ፣ ግማሹን ልክ ነዎት። ልጅ ካልራበው አይበላም፣ እርስዎ ያንን ከኛ ቀድመው ያውቁታል። ከላይ ለመጀመሪያዋ እናት የጻፍኩትን ቢያዩ የእርስዎን ሐሳብ ያገኙታል።

ግማሹ ግን አይሆንም። እርስዎ ያሳደጓቸው ስድስቱ ሲርባቸው ረሃቡ በአፍ እንደሚወገድ ከጡት ጀምሮ ያውቁታል። ይህ ልጅ ግን ሆዱ ሲያምመው ቱቦው መጥቶ ሲያስታግስለት ነው የኖረው። ሁለት ቀን ቢተው «ልብላ» ብሎ አያስብም፤ ይነጫነጫል፣ ይደክማል፣ ይተኛል። ውኃው ያልቅበታል፣ የደሙ ስኳር ይወርዳል። ስኳሩ የወረደ ልጅ ደግሞ የበለጠ ዝም ይላል እንጂ አይጠይቅም። ረሃቡን እናመጣዋለን፣ ግን በማንኪያ እየለካን፣ ሐኪሙ እያየ።

ከእናቱ ጋር ይታረቁና እርስዎ ብቻ የሚችሉትን ሥራ ይውሰዱ። እናቱ ስለምትጨነቅ ልጁ እሷን ሲያይ ይጨነቃል፤ እርስዎ አይጨነቁም። አጠገቡ ተቀምጠው እየጣፈጠዎት ይብሉ። አያጉርሱት፣ «እንካ» አይበሉት። ከሳህንዎ ሊያነሳ እጁን ከዘረጋ ዝም ብለው ሳህኑን ጠጋ ያድርጉለት። ከአያት ሳህን ላይ የተሰረቀ ቁራሽ ስንቱን ልጅ ሲያስጀምር አይቻለሁ።

ጥያቄ 4

ሰላም። ልጄ 3 ዓመቷ ነው። ሆዷ ላይ ያለውን ቱቦ ካልተጠቀምን 2 ወር ሆነን፤ ሁሉን ነገር በአፏ ትበላለች፣ ትጠጣለች። ሐኪሙ ግን «ትንሽ እንቆይ» ይላል። ለምን? እኔ ዛሬ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

መልስ

ውዴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ሐኪሙ ግን ልክ ነው። እሱ የሚጠብቀው ልጅቷ አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ እንድትታመም ነው፣ ይቅር ይበለኝ እንጂ። ትኩሳትና ትውከት ያለው ሳምንት መጥቶ ያለ ቱቦው ከተወጣችው፣ ክብደቷም ከተመለሰ፣ ያኔ በልበ ሙሉነት ይወጣል። ብዙዎቹ ቱቦውን ሳይነኩ ጥቂት ወራት ማየት ይፈልጋሉ። ከወጣ በኋላ መልሶ መክፈት ቀዶ ሕክምና ነው፣ መቆየቱ ግን ምንም አያስከፍላትም።

እስከዚያው ባትጠቀሙበትም ዙሪያውን በየቀኑ በውኃና ሳሙና እጠቢ፣ ቱቦውንም እንደነገሩሽ በውኃ እያሳለፍሽ ጠብቂው። በድንገት ወልቆ ከወደቀ ነገ አትበዪ፤ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መዘጋት ይጀምራል። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ፣ መለዋወጫውን ይዘሽ ወዲያው ሂጂ። መልሰሽ ማስገባት አስተምረውሽ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ጥርስ ሐኪም ዘንድም ውሰጃት። በአፉ ሳይበላ የቆየ ልጅ ጥርሱ ላይ ድንጋይ የመሰለ ቆሻሻ ይጋገራል። ሰው «ካልበላ ጥርሱ ምን ይሆናል» ይላል፣ ግን ማኘክ ራሱ ጥርስን ያጸዳ ነበር።

ደግሞ ልጅቷን ጠይቂያት። አንቺ ቱቦው እንዲወጣ ቸኩለሻል፣ እሷ ግን ከተወለደች ጀምሮ የምታውቀው ሆዷ ላይ ያለ የሰውነቷ ክፍል ነው። «ሆዴ ይከፈታል፣ የበላሁት ይፈሳል» ብላ ሌሊት እያለቀሰች ያስቸገረች ልጅ አውቃለሁ። ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት በአሻንጉሊቷ ሆድ ላይ አንድ አሮጌ ቱቦ በፕላስተር ለጥፊላት። እሷ ራሷ ትንቀለው፣ እሷ ራሷ ቀዳዳውን በፕላስተር ትዝጋው። ደጋግማ ታደርገዋለች፣ ፕላስተሩን በርከት አድርገሽ ግዢ።